የአይስላንዱ እንግዳ

«እንግዳ ሆኖ ቢሞትብኝስ፣ ማን ይቀብረዋል?»

ናርዶስ ይህን ስትጠይቅ ከነጋ አራተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ ራሷን ጠየቀች። ቀጥላ ድንች እየላጠች የወጥ ቤቱን ግድግዳ ጠየቀች። ለሦስተኛ ጊዜ ለልጅ ልጇ ለሉዓላዊት ልታነሳላት አፏን ከፍታ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጫንም ብላ መልሳ ዘጋችው። አሁን ደግሞ በአጥሩ ክፍተት አንገቱን ያስገባውን ጎረቤቷን ካሌብን ያዘችው። ካሌብ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ስለሆነ ከግድግዳው የተሻለ ያውቃል ብላ ነው።

ካሌብ የእድሩን ደንብ ከኪሱ አወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን እስከ ክንዱ ጫፍ አርቆ አነበበ።

«አንቀጽ ዘጠኝ። እድሩ የሚቀብረው ዜጋን ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ዜጋ ሆኖ ኖሮ፣ አሥራ አራት ቀን ብቻ እንግዳ ተደርጎ፣ እመሀሉ ላይ ቢሞትስ?»

ካሌብ ገጹን ገለበጠ። መልሶ ገለበጠ። «እሱ አልተጻፈም።»

«አልተጻፈም ማለት ይቀበራል ማለት ነው?»

«አልተጻፈም ማለት አልተጻፈም ማለት ነው፣ ናርዲ። ለመሆኑ ማን ታመመ?»

«ማን ይታመማል! እንዲያው ለማወቅ ነው።»

ከመኝታ ቤት በኩል፣ ጆንያ ውስጥ የገባ በሬ የሚያወጣው የሚመስል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ካሌብ ሰማ። ናርዶስም መስማቱን አየች። ሁለቱም ስለ ዘንድሮው ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

በአገሪቱ አንድም ዜጋ ሳይታመም አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ይህ በወሊሶ ዜሮ አደባባይ በቆመው ሰሌዳ ላይ፣ ከሩቅ እንዲነበብ በሰው ቁመት ተጽፏል፦ «ዛሬ የታመሙ ዜጎች፦ 0»። በሽታው ግን አልጠፋም፤ ስሙ ብቻ ይለዋወጣል። መጀመሪያ «የወንዝ ማዶ ጉንፋን» ይባል ነበር። ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር እርቅ ሲወርድ ሬዲዮው በማግስቱ «የባሕር ማዶ ጉንፋን» አለው። ባለፈው ሰኔ ለሦስት ቀን ከማንም ጋር ስላልተኳረፍን ስም አጥቶ ሰነበተ፤ በነዚያ ሦስት ቀናት የታመመ ሰው ምን ይዞኛል እንደሚል ግራ ገብቶት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዜጋ አይታመምም፤ እንግዲያው የታመመ ሰው ዜጋ አይደለም። በየቤቱ ከመብራት ቆጣሪው ጎን የሳል ቆጣሪ ተሰቅሏል። በቀን እስከ ዘጠኝ ድረስ የዜጋ ሳል ነው፤ አቧራ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ትንታ አለ። አሥረኛው ሲመዘገብ ቀይ መብራት ይበራል። ከሰዓት በኋላ ከጤና ሉዓላዊነት ጽሕፈት ቤት አንዲት ሲስተር ትመጣና በትሕትና፣ ጫማዋን አራግፋ፣ ሰውዬውን ለአሥራ አራት ቀን የውጭ አገር ሰው አድርጋው ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ «እንግዳ» ነው የሚባል። እንግዳ በአገሩ መድኃኒት መታከም ስላለበት፣ ከውጭ የሚገባው እንክብል የሚሰጠው ለሱ ብቻ ነው። ዜጋ «ጽናት» የሚባል ጠብታ አለው፤ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። እንክብሉ እንደሚያድን ሁሉም ያውቃል። ማንም አፉን ከፍቶ አይናገርም እንጂ።

አፍ መሸፈን፣ ከሰው መራቅ፣ መስኮት መክፈት «የባዕድ ፍርሃት» ተብለው ከተከለከሉ ቆይተዋል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ሦስት ጊዜ መሳሳም አለበት። ሁለት ጊዜ ስሞ ያመለጠ በመንገድ ላይ ተጠርቶ ሦስተኛዋን ሲያሟላ ናርዶስ በዓይኗ አይታለች።

የናርዶስ ልጅ፣ የሉዓላዊት እናት ማኅሌት፣ ጎበዝ ዜጋ ነበረች። የዛሬ ስድስት ዓመት ሲይዛት በቀን ከዘጠኝ አላሳለፈችም። ጠብታዋን ጠጣች። አሥረኛውን ሳል ዋጥ እያደረገች፣ በስድስተኛው ቀን አረፈች። የምስክር ወረቀቱ «የሞት ምክንያት፦ ድካም» ይላል። እድሩ በሚገባ ቀበራት፤ ድንኳኑም ሰፊ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ናርዶስ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፦ ከዚህ ቤት ሌላ ሰው እንዳይወጣባት። ለዚህ ስትል ሉዓላዊትን ቀን በቀን ግንባሯን ሦስት ጊዜ ትዳብሳለች፤ ልጅቷም ልምዷን ስለምታውቅ እየሮጠች እንኳ ግንባሯን ሰጥታ ታልፋለች።

አሁን ደግሞ ባሏ ሮቤል ትራስ ውስጥ ይስላል።

ሮቤል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአደባባዩ ሰሌዳ ሠራተኛ ነበር። ማለዳ ማለዳ መሰላል ወጥቶ ዜሮውን የሚወለውለው እሱ ነበር። ዜሮ ላይ ወፍ ብታርፍ ወይም አቧራ ቢቀመጥ ከሩቅ ሌላ ቁጥር ትመስላለችና ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

«ሮቤል፣ ስማኝማ» አለችው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። «እንዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ሳሎን ወጥተህ ሳል።»

«አልስልም።»

«እየሳልክ እኮ ነው!»

«በትራስ ነው። የትራስ አይቆጠርም።»

«ማኅሌትም እንዲሁ ስትል ነው…»

«እሱን ተይው» አለ ሮቤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «እኔ ዜሮ ስወለውል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በስተርጅና የማላውቀው አገር ሰው ልሁን?»

«ዜሮው እኮ አይነካም። እንግዳ አይቆጠርም።»

«እኔ ራሴን እቆጥራለኋ! ደግሞስ እንግዳ ሆኜ ብሞት ማን ሊቀብረኝ ነው? ካሌብ? እሱ በቁሜ ሰላም ለማለት እንኳ ደንብ የሚያይ ሰው!»

ናርዶስ ትራሱን አነሳች።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይታጠባል። ሸቷል።»

የራሷንም ትራስ አነሳች። ብርድ ልብሱን አነሳች። የሶፋውን ስፖንጅ፣ የሉዓላዊትን የጨርቅ ድብ፣ ሳል ሊታፈንበት የሚችል ነገር ሁሉ ሰብስባ በሦስት ሳፋ ዘፈዘፈች። ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር እስከ ጥግ ከፍታ ሳሎን ተቀመጠች። ሮቤል እጅጌውን ነከሰ። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የዕለቱ አራተኛ ሳል አመለጠው፣ አምስተኛው ተከተለ። ናርዶስ ቆጣሪውን እያየች በልቧ «እሰይ የኔ ጌታ፣ በርታ» ትል ነበር። አሥረኛው ሲወጣ ቀዩ መብራት በራ፤ እሷም ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ደግ ሠርታ ይሁን ክፉ አላወቀችም።

ሲስተር አገሬ በዘጠኝ ሰዓት መጣች። ቀልጠፍ ያለች፣ ፎርሟን እንደ ሠርግ ጥሪ የምትዘረጋ ልጅ ናት።

«የትውልድ አገር?»

«ወሊሶ!» አለ ሮቤል።

«አባባ፣ ከዝርዝሩ ላይ ነው የሚመረጠው።»

ዝርዝሩ ድሮ ሁለት ገጽ ነበር አሉ። ያልተኳረፍናቸው ብቻ ስለሚጻፉ አሁን ሦስት ቀርተዋል፦ ፊጂ፣ ሉክሰምበርግ እና አይስላንድ።

«ብርዱ የትኛው ጋ ነው የሚበረታ፣ ልጄ?» አለች ናርዶስ።

«አይስላንድ መሰለኝ። በረዶ ነው ይላሉ።»

«በቃ እሱን ጻፊልኝ። ትኩሳት ስላለው።»

«እኔ አገሩን አላውቀውም!» አለ ሮቤል።

«ማንም አያውቀውም አባባ። ላለመጣላታችን ምክንያቱ እሱ ነው።»

የእንግዳ ካርዱን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እንክብሎቹን ለናርዶስ ቆጥራ ሰጠቻት። የመጀመሪያውን ሲውጥ ናርዶስ የሱን ጉሮሮ እያየች አብራው ዋጠች።

እንግዳ ከዜጋ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። ለየሰፈሩ ባለሙያ ስለማይዳረስ ሥራው ለእድር ሰብሳቢዎች ተሰጥቷል። ካሌብ በማግስቱ ጠዋት ከራቫት አስሮ፣ የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣና በአልጋውና በበሩ መሀል ተቀመጠ።

«ውሃ» አለ ሮቤል።

ካሌብ ወደ ናርዶስ ዞረ። «እንግዳው ውሃ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ፣ ካሌብ።»

«መስማት አይፈቀድልሽም። ሥራዬን ልሥራ።»

«ይሄን ሰውዬ ከፊቴ ዞር አድርጊልኝ!» አለ ሮቤል።

«እንግዳው በአስተርጓሚያቸው መደሰታቸውን ገልጸዋል።»

ይህ እንኳ ባልከፋ ነበር። ናርዶስን ያስደነገጣት ጠያቂው ነው። ሮቤል ዜጋ ሳለ፣ ዜጋ ስለማይታመም ማንም ሊጠይቀው አይችልም ነበር። እንግዳ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንግዳ የአገራችንን ደግነት አይቶ መመለስ አለበት የሚል ሰርኩላር አለ። ገና ከሰዓት ሳይሆን አሥራ አንድ ሰው በሩ ላይ ተሰለፈ፤ ማር የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ የአገር ባህል ልብስ ለብሶ ሊታይለት የመጣም አለ። ከፊት ያለችው ጎረቤታቸው ቤተልሔም ናት፤ ጉንጯን አስቀድማ ቀጥ ብላ ወደ አልጋው ተንደረደረች። ናርዶስ በአእምሮዋ ደመረችው፦ አሥራ አንድ ሰው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ወጥተው ሉዓላዊትን…

«አይሆንም!» ብላ እጇን ዘርግታ መሀል ገባች። ሁሉም ቆመ። ቆጣሪውም ጭምር የሚያያት መሰላት። «ማለቴ… በአገራቸው አይሳምም። ነውር ነው።»

«ነውር?» አለች ቤተልሔም ጉንጯን ሳትመልስ።

«አይስላንድ እንዲህ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ እጅ መንሳት ነው። ከመግባት በፊት ደግሞ እጅ በሳሙና መታጠብ። እንግዳን ማክበር እንዲህ ነው እነሱ ጋ።»

ሁሉም ካሌብን አዩ። ካሌብ ናርዶስን አየ። የማኅሌት ሬሳ የወጣ ዕለት ድንኳኑን የዘረጋው እሱ ነው። ከራቫቱን አስተካከለ።

«እንግዳው፣ ነገሩ ትክክል መሆኑን ገልጸዋል» አለ። ሮቤል ተኝቶ ነበር።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ቤተልሔም ወደ ኋላ እየተንሸራተተች። «አላወቅንማ! ይቅርታ ጠይቅልን፣ ካሌብ። ባለጌ ይሉን ይሆን?»

ከዚያ በኋላ ናርዶስ በየቀኑ አንድ አንድ ጨመረች። በአይስላንድ መስኮት ዘግቶ እንግዳ መቀበል ስድብ ነው። በአይስላንድ የሚከበር ሰው ፊት አፍን በሻሽ ሸፍኖ ነው የሚወራ። ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ ደግሞ «መቼ ነው የምትሄደው» እንደማለት ነው። ሰፈሩ እንግዳ ፊት እንዳይዋረድ ሲል በቤቱ ይለማመድ ጀመር። መንገድ ላይ ሰዎች ሁለት ሜትር ርቀው እጅ ይነሳሳሉ። የሰላምታ ተቆጣጣሪው መጥቶ ምንድነው ይሄ ቢል፣ ቤተልሔም ከሻሿ ስር፣ «እንግዳ አክባሪ ሕዝብ አይደለንም እንዴ?» አለችው። ተቆጣጣሪው ሰርኩላሩን አስታውሶ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሮቤል ትኩሳት አሻቀበ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ተተክሎ፣ መሰላል አምጡልኝ ይላል። ናርዶስ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረች ስድስተኛው ቀን መሆኑን ላለማሰብ ትታገላለች።

«ካሌብ» አለች። «ያን ቀን የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም።»

ካሌብ አልተረጎመም። ደንቡንም አላወጣም። ከራቫቱን ፈትቶ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከግቢው የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ናርዶስ በመስኮት ብታይ፣ የእድሩ ሰዎች አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ድንኳን ይተክላሉ።

«ካሌብ! ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ለጥላ ነው» አለ ከውጭ።

«ዝናብ እየዘነበ?»

«ለዝናብም ይሆናል።» ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተከራከርን ናርዲ። እንግዳ መቅበር አይቻልም አሉ። ድንኳን መትከል አይቻልም ያለ ግን የለም። አንድ ነገር ቢሆን ድንኳኑ ቀድሞ ቆሟል፤ እኛም ቀድመን ተቀምጠናል። ማን ነው ከተቀመጥንበት ተነሱ የሚለን?»

ናርዶስ መስኮቱን ይዛ አለቀሰች። መልስ አይባልም፤ ግን ከመልስ ያነሰም አልመሰላትም።

ሮቤል ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱን አየ። ድንኳኑን አየ። ድንኳኑ ስር ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ያዘኑ ስምንት ሽማግሌዎችን አየ።

«የማን ድንኳን ነው?»

«እንግዳው ስለ ድንኳኑ…» ብሎ ካሌብ ከውጭ ጀመረ።

«ካሌብ! በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?»

«እንግዳው መገረማቸውን…»

«አንተ ሰውዬ! ደግሞ በግራ በኩል ያለው ካስማ ጠማማ ነው! እንዲህ ነው ድንኳን የሚተከለው? ሰው ሲሞት እንኳ በቅጡ አትሠሩም!»

ናርዶስ ይዛው ልታስቀረው ብትታገልም ግድግዳ ተደግፎ እስከ መስኮቱ ደረሰ፤ ካስማው ቀና እስኪል ድረስ «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ!» እያለ አዘዛቸው። ማታ ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ወረደ። ናርዶስ እንክብሉ ነው ትላለች። ሮቤል ካስማው ነው ይላል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሮቤል ጢሙን ተላጨ። ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ዜሮውን በመወልወሉ የተሸለመውን ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አደረገ። የእንግዳ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካሌብ ለመጨረሻ ጊዜ ሊተረጉም መጥቷል። ሲስተር አገሬ ፎርሟን ዘረጋች።

«ይኸውልዎ አባባ። እዚህ ይፈርማሉ፦ ‹እኔ ዜጋ ሆኜ አልታመምኩም፤ ታሞ የነበረው እንግዳ ወደ አገሩ ገብቷል።›»

«በሰላም ገባ በይበት» አለ ሮቤል እየሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ናርዶስ የሰማችው ያን ቀን ነው። ብዕሩን አነሳ።

ከጓዳ ሉዓላዊት ሳለች።

አንድ ጊዜ ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ቆጣሪው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ናርዶስ እንዴት እንደገባች አታውቀውም፤ ብቻ እጇ የልጅቷ ግንባር ላይ ነበር፣ ግንባሩም እሳት ነበር። ሉዓላዊት እንደ ልምዷ ግንባሯን ቀና አድርጋ ሰጠቻት።

«ሲስተር» አለች ናርዶስ ከጓዳው በር ላይ። «ልጅቷ… ለሷም እንክብሉን።»

«እትዬ፣ ልጅ እንግዳ አይሆንም። ልጅ የነገ አገር ናት።» ሲስተር አገሬ ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ ጽናት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዓይኗን ግን ከጠርሙሱ ሸሸች።

«የተረፈው እንክብልስ?»

«የተረፈ የለም። በቀኑ ልክ ነው የሚሰጠው።» ሲስተር አገሬ ፎርሟን አጣጥፋ መልሳ ዘረጋችው። ድምጿን ቀነሰች። «እንግዳ ልጅ አስከትሎ የገባ እንደሆነ፣ ልጅቷ በሱ ካርድ ላይ ትገባለች፤ ያኔ ይሰጣታል። ይህ ግን ለነዋሪ እንግዳ ነው።»

«ነዋሪ ምን ማለት ነው?»

«የማይመለስ። ዳግመኛ ዜጋ አይሆንም፤ እድርም የለው፣ ጡረታም የለው። የሚፈልግ ሰው እስከ ስድስት ሰዓት ራሱ ቢሮ መቅረብ አለበት።» ሮቤልን አላየችውም። «እኔ ደንቡን ነው የነገርኳችሁ። ፈርሙ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ናርዶስ ባሏን ልታየው አልደፈረችም። ይህን ልትጠይቀው አትችልም። ካልጠየቀችውም… ጠርሙሱን አየች። የጓዳውን በር ያዘች።

ሮቤል ብዕሩን ክዳኑን ገጥሞ ለሲስተር አገሬ መለሰላት። ሜዳሊያውን ፈታ፤ መርፌዋ እንቢ ብላው ትንሽ ታገለ። ጠረጴዛው ላይ አኖራትና ካርዱን አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

«ሮቤል» አለች ናርዶስ።

ካሌብ ከወንበሩ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ፤ የሚተረጎም ነገር እስኪመጣ ጠበቀ።

ሮቤል ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጓዳው በር ላይ ለአፍታ ቆሞ ልጅቷን አያት፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቢሮው ሄደ።